በሠንጠረዥ የታጠረ አየር፦ ከመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ እስከ በረራ ቁጥር 302

በሆሳዕና ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ትምህርት በጽሑፍ የተወሰደ



የዛሬው ርእስ ከተማሪዎቻችን አንደበት የወጣ ነው። በመናኸሪያው ዙሪያ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ጆይስቲክ ጨብጠው የሚያመሹ ወጣቶች በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «እነዚህ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎች አየሩን በእውነት ያውቁታልን?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሥሩን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ከጨዋታ ቤት ተነሥቶ ወደ ነፋስ ዋሻ፣ ከነፋስ ዋሻ ወደ አብራሪዎች ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ቢሾፍቱ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ማሳ ይደርሳል። እኔም በዚሁ መንገድ ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። ዘመናቱን፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ላሳስብ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው ወይም የሚያበርረው ሲሙሌተር አየርን አያሰላም። ሌላ ሰው ለክቶ ወይም አስልቶ የጻፈለትን ቁጥር ከሠንጠረዥ ያነብባል። በተለካበት ክልል ውስጥ እጅግ ታማኝ ነው። ከዚያ ክልል ሲወጣ ይገምታል። ችግሩ የሚነበበውና የሚገመተው በመስኮቱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ማሽኑ «ከዚህ በኋላ አላውቅም» ብሎ አያስጠነቅቅም።

ስለ አየሩ ራሱ ጥቂት ልበል። ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ ሚኒባስ እንውሰድ። ጣራው ላይ የቆጮ ጥቅልና ጆንያ ተጭኗል፤ ረዳቱም ሸራውን በገመድ ጠፍሮታል። መኪናው አየሩን እየገፋ ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በአየሩ ጥግግት፣ በፊት ለፊቱ ስፋት፣ በቅርጹና በፍጥነቱ። የፍጥነቱ ነገር ከሌሎቹ ይለያል፤ ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ እጥፍ ብዜት፣ ማለትም በስኩዌር ነው። ሾፌሩ ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል ፍጥነቱ በግማሽ አደገ፤ የአየሩ ተቃውሞ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ሾፌሮቻችን ይህን ሒሳብ በነዳጁ መግለጫ ላይ ያነብቡታል። ጣራው ላይ ያለው ጭነት ደግሞ ስፋቱንም ቅርጹንም በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

ጥግግቱስ? ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 200 ሜትር ግድም ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከዚህ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ አንድ ታዋቂ የእሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ በሜክሲኮ ሲቲ የሚገኘው የኤርማኖስ ሮድሪጌስ አውራ ጎዳና። የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ወደዚያ ሲሄዱ ለጠባቦቹ የሞናኮ መንገዶች የሚጠቀሙበትን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ። የሚያገኙት ቁልቁል ግፊት ግን በጣልያን ሞንዛ በትንሹ ክንፍ ከሚያገኙት ጋር የሚቀራረብ ነው። ክንፉን ያን ያህል አግዝፈውም መኪኖቹ በቀጥታው መንገድ ከ360 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይደርሳሉ፤ የሳሳው አየር መንገድ ይለቅቃልና። እንግዲህ አንድ ጨዋታ አየሩን ያውቅ እንደሆነ ለመመዘን የምትሹ ተማሪዎች አንዱን መኪና ያለ ምንም ለውጥ በሞንዛና በሜክሲኮ ንዱት። በሜክሲኮ ተጣማሪው ላይ እንዲያው በሞንዛ እንደነበረው አጥብቆ ከያዘ፣ የጨዋታው አየር የከፍታን ነገር አልሰማም። ይህ ፈተና ለደጋ ልጆች በተለይ የተሠራ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። የአየር ፍሰትን የሚገዙት እኩልታዎች በ19ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳዊው ናቪየርና በስቶክስ እጅ ተጽፈዋል። እኩልታውን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ መፍታት ሌላ። ዛሬም ቢሆን በአንድ መኪና ዙሪያ ያለውን ፍሰት ለአንድ ፍጥነትና ለአንድ አቋም ብቻ በጥንቃቄ ለማስላት ብዙ የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ተባብረው ሰዓታት ይፈጃሉ። ከ2008 ጀምሮ ለሕዝብ የቀረበው አይሬሲንግ የተባለው ሲሙሌተር ደግሞ የመኪናውን ሁኔታ በሰከንድ 360 ጊዜ ያሰላል። ለአንዱ ስሌት ያለው ጊዜ ከሦስት ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ናቪየርና ስቶክስ አይታሰቡም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሁሉ ወደ አንድ መላ ይመለሳሉ፤ አስቀድሞ መለካት፣ በሠንጠረዥ መጻፍ፣ በጨዋታው ጊዜ ማንበብ።

መላው ከኮምፒውተር ይቀድማል፤ ማስመሰልም ከመኪና በፊት ለአውሮፕላን የተጀመረ ጥበብ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ ኤድዊን ሊንክ የተባለ ወጣት በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ያድጋል። መብረር ይወድዳል፤ የትምህርቱ ክፍያ ግን ውድ ነው። በ1929 ከኦርጋን ወናፎችና ከአየር ቧንቧዎች አንድ መሬት ላይ የተተከለ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። መሪውን ሲነኩት ወናፎቹ ይነፋሉ፣ ሣጥኑ ይዘነብላል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች በአብዛኛው የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበሩ፤ ሕፃናት በሳንቲም ይጫወቱበት ነበር። በ1934 የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብራሪዎቹ በክፉ የአየር ጠባይ ሲረግፉ ጊዜ ስድስት የሊንክ ማሠልጠኛዎች ተገዙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ10 ሺህ በላይ ተሠርተው ነበር።

ልብ በሉ፤ በሊንክ ሣጥን ውስጥ ኤሮዳይናሚክስ የሚባል ነገር የለም። ወናፍ ብቻ ነው፤ አንጥረኞቻችን ከሚያናፉት በመርሕ የማይለይ ወናፍ። ሣጥኑ አውሮፕላን የመሰለው ሠሪው በእጁና በወገቡ የተሰማውን በቫልቮች ስለ አስተካከለው ነው። ሆኖም ሥራውን ሠርቷል። ሊያስተምር የተፈለገው በደመና ውስጥ በመሣሪያዎች ብቻ መብረርን ነበረና፣ ለዚያ ወናፉ ይበቃ ነበር። «ምን ያህል እውነተኛ ነው?» ከማለት አስቀድሞ «ለምን ሥራ?» ማለት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወናፉ በኤሌክትሮኒክስ፣ ኤሌክትሮኒክሱም በዲጂታል ኮምፒውተር ተተካ። አውሮፕላን ሠሪው አዲሱን አውሮፕላን በሙከራ በረራ እየፈተነ በየፍጥነቱ፣ በየከፍታውና በየማዕዘኑ ይለካል፤ ልኬቱም ተጠቅልሎ ለሲሙሌተር ሠሪዎች ይሸጣል። በአማርኛችን ምስለ በረራ የምንለው ትልቁ ነጭ ሣጥን በስድስት እግሮች ላይ ቆሞ የሚያነብበው ይህንኑ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ምስለ በረራዎቹ እጅግ ከመታመናቸው የተነሣ ልምድ ያለው አብራሪ ወደ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ሲዛወር እውነተኛውን ሳይነካ ሥልጠናውን እንዲጨርስ ተፈቀደ።

የእሽቅድምድም ጨዋታው ታሪክ አጭርና ፈጣን ነው። በ1989 ፓፒረስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኢንዲያናፖሊስ 500 የተባለውን አወጣ። በ1997 የጃፓኑ ግራን ቱሪስሞ መጣ፤ በአገራችን ከተሞች በስም የሚታወቀው ይኸው ነው። በ1998 እንደገና ፓፒረስ ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስን አቀረበ። ይህ ሥራ በእውነተኛነቱ ለዓመታት እንደ መለኪያ ሲጠቀስ ኖሯል። የመረጠው ግን የ1967ቱን የውድድር ዘመን ነው። በ1967 የፎርሙላ ዋን መኪኖች ክንፍ አልነበራቸውም፤ ክንፍ በፎርሙላ ዋን የታየው በ1968 ነው። እንግዲህ ያ እጅግ የተመሰገነ ሲሙሌተር ስለ ጎማና ስለ ክብደት አብዝቶ ሲያውቅ፣ ስለ ቁልቁል ግፊት የሚጠየቀው ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሆን ተብሎ ተመረጠ አልልም፤ ምርጫው ግን የሠሪዎቹን ሸክም አቅልሎታል።

ክንፍ የገባባቸው ጨዋታዎች ሸክሙን እንዴት እንደ ተሸከሙት ለማየት በ2014 የወጣውን የጣልያኖቹን አሴቶ ኮርሳ ማየት ይበቃል። አድናቂዎች በሚሠሯቸው መኪኖች ውስጥ አየሩ የሚገለጽበት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል። መኪናው ጥቂት «ክንፎች» ሆኖ ይተረጎማል፤ አካሉ አንድ ክንፍ፣ የፊቱ አንድ፣ የኋላው አንድ። ለእያንዳንዱ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አለ፤ በአንዱ ወገን ማዕዘን፣ በሌላው ወገን የኃይል መጠን። ከመሬት ያለው ከፍታም እንዲሁ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። በተጻፉት ቁጥሮች መካከል ያለው በመስመር ይሞላል። ተማሪዎቼ ፋይሉን ሲያዩ ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል፤ ተአምር ጠብቀው የእህል ዋጋ ዝርዝር የመሰለ ነገር ያገኛሉ። እኔ ግን አደንቀዋለሁ። ቁጥሮቹ መልካም ከሆኑ ውጤቱ መልካም ነው፤ ማንም ሰው ከፍቶ ሊጠይቀውም ይችላል።

የሚከብደው የተረበሸው አየር ነው። ከፊት የሚሄድ መኪና ከኋላው የሚተወው አየር የሚሽከረከርና የተቆራረጠ ነው። ከ2022 በፊት በነበሩት የፎርሙላ ዋን መኪኖች 10 ሜትር ተጠግቶ የሚከተል መኪና ከቁልቁል ግፊቱ ግማሽ ያህሉን ያጣ እንደነበር የውድድሩ ባለቤቶች ራሳቸው አስታውቀው ነበር። በጨዋታ ውስጥ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጀርባ እንደ ቀንድ የሚሰፋ ክልል ሆኖ ይሣላል፤ በክልሉ ውስጥ የገባ መኪና ግፊቱ በሆነ ቁጥር ይቀነሳል። አዙሪቱ የለም፤ ቅናሹ ብቻ አለ። ለመወዳደር ይበቃል።

የማይበቃበት ቦታ የሠንጠረዡ ጠርዝ ነው። የግራን ቱሪስሞ ባለቤቶችና ኒሳን በ2008 ጂቲ አካዳሚ የተባለ ውድድር ጀመሩ፤ ከጨዋታ ቤት ያሸነፉትን ወጣቶች በእውነተኛ መኪና ላይ አስቀመጡ። ብዙዎች የሳቁበት ይህ ሐሳብ ሠርቷል። እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ በ2011 አሸንፎ የሙያ ተወዳዳሪ ሆነ። መሥመርን፣ ፍሬንን፣ ርቀትን በሣሎን ተምሮ መጥቷልና የሲሙሌተር ታማኝነት ምስክር ነው። በማርች 2015 ግን በጀርመን ኑርቡርግሪንግ ሲወዳደር፣ ፍሉግፕላትስ በተባለው ጉብታ ላይ የመኪናው አፍንጫ ተነሣ፣ አየር ከሥሩ ገባ፣ መኪናው ወደ ኋላ ተገልብጦ አጥሩን ዘለለ። አንድ ተመልካች ሞተ። ፍሉግፕላትስ በጀርመንኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው።

አደጋውን በጨዋታው ላይ ላሳብብ አልሻም፤ ተወዳዳሪው በዚያ ጊዜ በእውነተኛ መኪና የዓመታት ልምድ ነበረው። የማነሣው አካላዊውን ነገር ለማሳየት ነው። የመኪና ሠንጠረዥ የሚለካው አራቱ ጎማዎች መሬት ላይ እንዳሉ ነው፤ አፍንጫው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ሲል። አፍንጫው አሥር ዲግሪ በተነሣ ጊዜ ወለሉ ራሱ ክንፍ ይሆናል፣ ወደ ታች ይጫን የነበረውም ወደ ላይ ያነሣል። እዚያ ጥግ ለመለካት ገንዘብ የሚያወጣ የለም። በ1999 በለማን ውድድር ሳምንት የመርሴዲስ መኪኖች ሦስት ጊዜ እንዲህ ወደ ሰማይ ተነሥተዋል፤ ሠሪያቸው ድሀ አልነበረም፣ የነፋስ ዋሻም አላጣም።

ገንዘብ ጠርዙን እንደማያጠፋው በ2022 እንደገና ታየ። ፎርሙላ ዋን ከመኪናው ወለል ሥር በሚፈጠር መሳብ ወደሚሠራ ንድፍ ተመለሰ። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የበለጡ ሲሙሌተሮች ያሏቸው ቡድኖች በፌብሩዋሪ ወር ባርሴሎና ላይ ለሙከራ ሲወጡ መኪኖቹ በቀጥታው መንገድ ላይ እንደ ጥጃ መዝለል ጀመሩ። ወለሉ ወደ መሬት ሲሳብ ፍሰቱ ይታነቃል፣ መሳቡ ይጠፋል፣ መኪናው ይነሣል፤ እንደገና ይሳባል። ክፉው ነገር የ1970ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶች ያውቁት የነበረ መሆኑ ነው። የነፋስ ዋሻው ሕግ ግን ሞዴሉ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ነፋሱም በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር እንዳይፈጥን ያዝዛል፤ መዝለሉ የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ባልተለካበት ፍጥነት ሠንጠረዡ ዝም አለ፤ ሲሙሌተሩም ለስላሳ መንገድ አሳየ።

እስከ አሁን የተናገርኩት ለብዙዎቻችን የሩቅ አገር ወሬ ነው። የሚቀጥለው የእኛ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 1945 ተመሥርቶ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። ዛሬ ቦሌ ላይ ያለው የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ አብራሪዎችንም ያስተምራል፤ የምስለ በረራዎቹ ብዛትም በአህጉሩ የሚያስከብረው ነው። ቦይንግ 737 ማክስ ሲመጣ አየር መንገዱ የዚህኑ አውሮፕላን ምስለ በረራ ከተከሉት እጅግ ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ድሀ አገር ስለሆነ ነው» የሚለውን መልስ ከመንገዱ ለማንሣት ነው።

የማክስ ነገር ከሥሩ የኤሮዳይናሚክስ ጉዳይ ነው። ቦይንግ በ1960ዎቹ በተነደፈው አካል ላይ ትላልቅ አዳዲስ ሞተሮች ሊገጥም ፈለገ። ክንፉ ለመሬት ቅርብ ስለ ነበረ ሞተሮቹ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፉ። አፍንጫው በጣም በተነሣ ጊዜ የሞተሮቹ ሽፋን ራሱ የማንሣት ኃይል ይፈጥራል፤ አፍንጫውም ከቀድሞው 737 ይልቅ ወደ ላይ ለመሄድ ይቀልለዋል። ይህን ለማስተካከል ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ተጨመረ፤ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲበዛ የጅራቱን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች የሚያወርድ። ዓላማው አዲሱ አውሮፕላን በአብራሪው እጅ እንደ አሮጌው እንዲሰማ ማድረግ ነበር። እንግዲህ ኤምካስ ራሱ አንድ ዓይነት ሲሙሌተር ነበር፤ አንዱ አውሮፕላን ሌላውን እንዲመስል የተሠራ። ከመሰለ ደግሞ አብራሪዎች በምስለ በረራ ዳግም መሠልጠን አያሻቸውም፤ በኮምፒውተር የሚነበብ አጭር ትምህርት ይበቃል ተባለ። ለገዢውም ለሻጩም ትልቅ ቁጠባ ነበር።

ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፣ በረራ ቁጥር 302 ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ ተነሣ። በካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና በረዳት አብራሪ አህመድኑር መሐመድ የሚመራው አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ መሬት ውስጥ ገባ። 157 ሰዎች ሞቱ፤ የ35 አገሮች ዜጎች ነበሩ።

በቀዳሚው ሪፖርት የተገለጸውን ላስታውሳችሁ። እንደ ተነሡ የግራው የማዕዘን ዳሳሽ 74.5 ዲግሪ አነበበ፤ የቀኙ በዚያች ቅጽበት 15.3 ነበር። ኤምካስ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበረና የግራውን አመነ፤ አፍንጫውን ወደ ታች አዘዘ። አብራሪዎቹ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ የነገራቸውን አደረጉ፤ የጅራቱን ክንፍ የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ ቆረጡ። የቀረው በሁለቱ አብራሪዎች ጉልበት አጠገብ ያለውን መዘውር በእጅ ማዞር ነው፤ መዘውሩ በሽቦ ገመድ እስከ ጅራቱ ይደርሳል። ረዳት አብራሪው ሞከረ። እንደማይሠራ ለካፒቴኑ ተናገረ።

ለምን አልሠራም? መልሱ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ሒሳብ አይርቅም። ፍጥነቱ 340 ኖት፣ ማለትም ወደ 630 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሶ ነበር፤ በጅራቱ ላይ ያለው የአየር ጫና በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ከ230 ወደ 340 ኖት ሲወጣ ጫናው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ አብራሪዎቹ አፍንጫውን ለማንሣት መሪውን ወደ ራሳቸው ሲስቡ በጅራቱ ላይ ያለው ሌላ ጫና የሚዞረውን ብሎን ይበልጥ ያጣብቀዋል። የጥንቶቹ 737 መመሪያዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ መሪውን ለአፍታ ለቅቆ አውሮፕላኑ ሲወርድ መዘውሩን ማዞርን፣ እንደገና መሳብን ያስተምሩ ነበር። ከፍታ ላለው አውሮፕላን የሚበጅ ምክር ነው። ከመሬት ብዙ ያልራቀ አብራሪ ግን ከየት አምጥቶ ይለቅቃል?

ከአደጋው ሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 2019፣ ቦይንግ የማክስ ምስለ በረራ ሶፍትዌር ላይ እርማት ማድረጉን አመነ። ማሽኑ በአንዳንድ የበረራ ሁኔታዎች እውነታውን አያሳይም ነበር፤ በተለይም መዘውሩን በእጅ ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት አሳንሶ ያሳይ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በሣጥኑ ውስጥ መዘውሩ ይዞራል፤ በሰማይ ላይ አይዞርም። በዓለም ላይ የነበረ ማንኛውም አብራሪ በማክስ ምስለ በረራ ገብቶ ይህንኑ ክፉ ቀን ቢለማመድ፣ የሚማረው መዘውሩ እንደሚታዘዝለት ነበር።

ይህን ስል ሁለት ነገር አብሬ ማስቀመጥ ይገባኛል። አንደኛው፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2022 መጨረሻ በወጣው የእኛ የምርመራ ሪፖርት ላይ የኤምካስን ድርሻ ተቀብሎ፣ የሠራተኞቹ አፈጻጸም በበቂ አልተመረመረም የሚል አስተያየት ሰጥቷል። አስተያየቱ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ የሞተር ጉልበቱ አለመቀነሱ የፍጥነቱን ጥያቄ ክፍት ያደርጋልና። ሁለተኛው፣ ይኸው ቦርድ በሴፕቴምበር 2019 ባወጣው ጽሑፍ ቦይንግ የኤምካስን አደገኛነት በምስለ በረራ ሲመዝን የጅራቱን ክንፍ ያልታዘዘ መዞር ብቻ እንዳስመሰለ፣ ከዳሳሹ ብልሽት ጋር አብረው የሚመጡትን ደወሎች፣ የመሪ መንቀጥቀጥና የፍጥነት አለመጣጣም ማስጠንቀቂያዎች እንዳላስገባ ገልጿል። በጸጥታ ክፍል ውስጥ የተፈተነ አብራሪ በአራት ሰከንድ ያደርገዋል ተብሎ የታሰበውን፣ በጩኸት መካከል ያለ አብራሪ ያደርገዋል ተብሎ ተገመተ። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «አብራሪዎቹ ምን ማድረግ ነበረባቸው?» ከማለቱ በፊት «የት ተለማምደውት?» ማለቱ የማይቀር ይመስለኛል። የአየር መንገዳችን ባለሥልጣናት በዚያው ሰሞን የማክስ ምስለ በረራ የኤምካስን ብልሽት እንዲያሳይ ሆኖ አልተሠራም ብለው ሲመልሱ አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች እንደ ማምለጫ ቆጠሩት። ቴክኒካዊ ይዘቱ ግን ትክክል ነበር፤ ያልተጻፈውን ሠንጠረዥ የሚያነብብ ማሽን የለም።

ጠርዙን ማስፋት የሚቻል ነገር መሆኑን ለመካድ አልፈልግም። በ2009 በአሜሪካ ቡፋሎ አቅራቢያ 50 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ ክንፉ አየሩን ከለቀቀ ወዲያ ያለውን ሁኔታ አብራሪዎች በምስለ በረራ እንዲለማመዱት በ2013 ሕግ ወጣ። ለዓሥርት ዓመታት ሥልጠናው የሚያበቃው ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ነበር፤ ከጩኸቱ ወዲያ ያለውን አየር ሣጥኑ አያውቀውም ነበርና። አየር መንገዶቹ ይህን ሥልጠና እንዲጀምሩ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ማርች 12 ቀን 2019 ነበር፤ በረራ ቁጥር 302 በወደቀ በሁለተኛው ቀን።

ወደ ተማሪዎቹ ጥያቄ ልመለስ። ጨዋታዎቹ አየሩን ያውቁታልን? የተለካውን ያውቃሉ፤ መልካሞቹ በጣም መልካም አድርገው ያውቃሉ። አንድ ሲሙሌተር ሲሰጣችሁ፣ የመኪና ቢሆን የአውሮፕላን ወይም ነገ በዚህ አገር የሚሠራ የአውቶቡስ ሾፌሮች ማሠልጠኛ ቢሆን፣ ሥዕሉን ከማድነቃችሁ በፊት ሠንጠረዡ ከየት እስከ የት እንደ ተለካ ጠይቁ። ማን ለካው? በምን ፍጥነት? የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው፣ ከእርሱ በኋላስ ማሽኑ ምን ያደርጋል? በጨዋታው ፋይል ይህን በአንድ ምሽት ማየት ትችላላችሁ። የአውሮፕላኑ ግን የሠሪው የንግድ ምሥጢር ነው፤ ገዢው አየር መንገድ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የገዛውን ሣጥን ውስጡን ከፍቶ አያየውም። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ እንኳ የማሠልጠኛውን ስሕተት የሰማው ሟቾቹ ካለፉ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡ መሐንዲሶች ቢያንስ ይህን መዝጊያ የመጠየቅ ብቃት ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ፤ ይህ የእኔ የግል አቋም ነው፣ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ።

በጃንዋሪ 2020 ቦይንግ ማክስን የሚያበርሩ ሁሉ አስቀድመው በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ እርሱ ራሱ መከረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአሜሪካ ባለሥልጣን እገዳውን ሲያነሣ የተሳሳተ የማዕዘን ንባብና መዘውሩን በእጅ ማዞር የሥልጠናው ክፍል ሆኑ። የእኛ አየር መንገድ ማክስን ወደ አገልግሎት የመለሰው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ነው። በተስተካከለው ሣጥን ውስጥ መዘውሩ ይከብዳል።

ጊዜዬ አልቋል። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ማይክሮፎኑ ከኋላ ረድፍ ይጀምር።